ከክለብ ጋር ለካምፕ ስትወጡ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ጊዜ፣ ቅዳሜ ጠዋት ከአዲስ አበባ ወጥቶ እሁድ ማታ ለመመለስ አዋሽ ብሔራዊ ፓርክ በጣም ይመቻል። 225 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ እስከ አዳማ ድረስም ፈጣን መንገድ አለ። ሳላው፣ ፏፏቴው፣ በሰሜን በኩል ፍልውሃውና ዘንባባው፣ ማታ ደግሞ ከዋክብቱ። ከመኪና ክለባችን ጋር ደጋግመን ሄደናል። ጉዞው የተበላሸባቸውን ጊዜያት ሳስታውስ መነሻቸው አንድ ነው፤ ሰው በብዛቱ ይተማመንና መዘጋጀቱን ይተዋል።

«ሌላው ይዟል»

አንድ ጊዜ በስድስት መኪና ወጣን። ከሰዓት በኋላ አንዱን መኪና ጭቃ ያዘው። «ገመድ!» ተባለ። አምስታችንም የለንም። ያለችው አንዲት ገመድ ጭቃ በያዘው መኪና ውስጥ ነበረች፤ ከድንኳን፣ ከፍራሽና ከሁለት እሽግ ውሃ ስር። ጭቃ ላይ ቆመን ዕቃ ስናወርድ አንድ ሰዓት ሄደ። መኪናው ሲወጣ ጀምበር ጠልቃ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ሐሙስ ማታ በቴሌግራም ግሩፓችን ዝርዝር ይወጣል። ከእያንዳንዱ ዕቃ ጎን የአንድ ሰው ስም ይጻፋል። «እንይዛለን» ማለት አይቆጠርም። ድስት፣ ኮምፕሬሰር (የጎማ ነፋስ መሙያ) እና የመጀመሪያ ዕርዳታ ሳጥን የጋራ ሊሆኑ ይችላሉ። ስኮርታ፣ ክሪክ፣ የጎማ መፍቻ፣ ገመድ፣ አካፋና ውሃ ግን እያንዳንዱ መኪና የራሱን ይይዛል፤ ያውም በቀላሉ በሚወጣበት ቦታ። ስኮርታውን በእጃችሁ ነክታችሁ አረጋግጡ፤ ብዙ ጊዜ ነፋስ የለውም። ከክሪኩ ስር የሚነጠፍ ወፍራም ጣውላም ያዙ። ለስላሳ አፈር ላይ ክሪክ ብቻውን መኪናውን ከማንሳት ይልቅ ራሱ ይሰምጣል።

ገመድ መያዝም ብቻውን አይበቃም። ተጎታች የሚታሰርበት ኳስ መሰል ብረት ላይ ገመድ አታስሩ። ሲጎተት ብረቱ ተሰብሮ ከተፈናጠረ ሰው ይገድላል። ከሻሲው ጋር የተያያዘውን የመጎተቻ ቀለበት ተጠቀሙ። ገመዱ መሃል ላይ ብርድ ልብስ ጣሉበት፤ ቢበጠስ ግርፋቱን ይቀንሳል። ቆሞ የሚያይ ሁሉ፣ በተለይ ልጆች፣ ከገመዱ ርዝመት በላይ ይራቁ። እዚህ ላይ ይሉኝታ አያስፈልግም፤ ቆጣ ብላችሁ አስነሷቸው።

«ጎማው ተነፍቷል፣ ልክ ነው»

ጎሚስታ ጋ 35 ፒኤስአይ (የጎማ ነፋስ መለኪያ) አስሞልቶ መውጣት ለአስፋልት ጥሩ ነው። አሸዋና ለስላሳ አፈር ላይ ግን ያው ጎማ ይቆፍራል። ወደ 20 ስታወርዱት መሬት የሚነካው የጎማ ክፍል ይሰፋና መኪናው አፈሩ ላይ ይንሳፈፋል። ከ15 በታች አታውርዱ፤ ስትጠመዝዙ ጎማው ከቸርኬው ሊወጣ ይችላል። ስትመለሱ ደግሞ አስፋልት ከመንካታችሁ በፊት ሙሉት። ነፋሱ ያነሰ ጎማ በፍጥነት ሲነዳ ይግላል፣ ከዚያም ይፈነዳል። ኮምፕሬሰሩ ግዴታ የሚሆነው ለዚህ ነው።

«ፎር ባይ ፎር ስለሆነ ያልፋል»

ኮትቻ አፈርን የሚያውቅ ይህን አይልም። ደረቅ ሲሆን እንደ ሲሚንቶ ነው። አንድ ዝናብ ከጣለበት ግን ጎማው ላይ እየተጠቀለለ ጥርሱን ይደፍነዋል፤ ያን ጊዜ ላንድክሩዘርም ራቭፎርም እኩል ናቸው። ከመግባታችሁ በፊት ውረዱና በእግር ሂዱበት። ጫማችሁ ከከበደ መኪናውም ይከብደዋል። ከገባችሁ ደግሞ አንድ መኪና ብቻ ይግባ፤ ሌሎቹ ደረቁ ላይ ይጠብቁ። ሁሉም ተከታትሎ ከገባ ጎታች አይኖርም።

ደረቅ ወንዝ ውስጥ ድንኳን መትከልም ከዚሁ ይቆጠራል። አሸዋው ለስላሳ ነው፣ ጥላም አለው፤ ያማልላል። ዝናቡ ግን ደጋ ላይ ይጥላል፤ እናንተ ጋ ሰማዩ ጠርቶ እያለ ጎርፉ ሌሊት ይደርሳል። ከፍ ያለ ቦታ ፈልጉ።

የድሮ ካርታም አትመኑ። በ2017 ዓ.ም. በፈንታሌና በአዋሽ አካባቢ የመሬት መንቀጥቀጡ ተደጋግሞ መሬት ተሰነጠቀ፣ ነዋሪዎችም ተፈናቀሉ። ስልካችሁ ላይ ያስቀመጣችሁት የዛሬ ሦስት ዓመት መንገድ ዛሬ ላይኖር ይችላል። ከመነሳታችሁ በፊት ፓርኩ ጋ ደውላችሁ የመንገዱንም የጸጥታውንም ሁኔታ ጠይቁ።

«መንገድ ላይ እንቀዳለን»

ወረፋው አለ፣ ናፍታ አልቋል የሚባልበት ቀን አለ። ክፍያው በቴሌብር ሲሆን ደግሞ ኔትወርክ ከሌለ ማደያው ሞልቶም ላትቀዱ ትችላላችሁ። በጀሪካን መቅዳት ብዙ ጊዜ ስለማይፈቀድም መፍትሔው ዓርብ ዕለት አዲስ አበባ ላይ ሙሉ አድርጎ መውጣት ነው። በዝቅተኛ ማርሽ አሸዋ ውስጥ የሚነዳ መኪና ከአስፋልቱ በጣም የበለጠ ይጠጣል። አስሉት።

«ይከተሉናል»

ከፊት የሚመራው ሰው አሪፍ ነጂ ስለሆነ በፍጥነት ይነዳዋል፣ የመጨረሻው ደግሞ በአቧራ ውስጥ ይጠፋል። የመገናኛ ሬዲዮ ፈቃድ ስለሚጠይቅ አብዛኞቻችን የለንም፤ ስልኩም ከዋናው መንገድ ሲርቁ ይቆረጣል። ስለዚህ አንድ ሕግ አለን። ሁሉም ከኋላው ያለውን መኪና በመስታወት ይጠብቃል። መታጠፊያ ላይ ካላየው ይቆማል። እሱ ሲቆም የፊተኛውም መስታወቱ ውስጥ ያጣዋልና ይቆማል፤ እንዲህ እየተባለ መሪው ዘንድ ይደርሳል። አዲስ ነጂ መሃል ይግባ፤ ልምድ ያለውና ጥገና የሚችለው መጨረሻ ይሁን።

«ዓርብ ማታ ከሥራ በቀጥታ»

ተዉት። ከአዳማ በኋላ የጅቡቲ ከባድ መኪኖች አሉ፤ ጨለማው ውስጥ ግመል መንገድ ያቋርጣል። ቅዳሜ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነሱ። ከሰዓት በኋላ እስከ 10 ሰዓት ድንኳን የሚተከልበት ቦታ ላይ መድረስ አለባችሁ። የቀረው መንገድ ምንም ያህል ቢያምር ከ10 ሰዓት በኋላ አዲስ ቦታ አይሞከርም።

ስካውቱን መርሳት

በጣም የሚያሳዝነኝ ይህ ነው። ፓርኩ ውስጥ ለማደር ጠመንጃ የያዘ ስካውት፣ ማለትም የፓርኩ ጠባቂ፣ አብሯችሁ ይመጣል። መኪናው ሁሉ በዕቃና በሰው ሞልቶ ሰውየው ፍራሽ ላይ ተጣጥፎ ሲሄድ አይቻለሁ። ማታ እኛ ጥብስ ስንበላ ብርድ ልብስ እንኳ አልታሰበለትም ነበር። ከመጀመሪያው አንድ ወንበር፣ ራቱን፣ ውሃውንና መኝታውን ቁጠሩለት። አካባቢውን ያውቃል፤ የትኛው ጉድጓድ ውሃ እንደያዘ፣ አንበሳው ትናንት የት እንዳገሳ የሚነግራችሁ እሱ ነው።

አፋሮችና ከረዩዎች ከብትና ግመል የሚያጠጡበት ቦታ አጠገብም አትስፈሩ። እናንተ ለሽርሽር ነው የመጣችሁት፤ ለእነሱ ግን ውሃው ኑሯቸው ነው። ሰው ፎቶ ከማንሳታችሁ በፊት ሰላምታ ስጡና ጠይቁ።

ሌሊቱን መናቅ

ምግብ ድንኳን ውስጥ አታሳድሩ፤ ጅብ ይመጣል። ጫማም ውጭ አይደር። ቀን ደግሞ ዝንጀሮና ጦጣ አሉ፤ የመኪናውን መስኮት ዝጉ። አዋሽ ወንዝ አዞ ስላለበት አይዋኙበትም። በሙቀቱ ለአንድ ሰው በቀን ቢያንስ 5 ሊትር ውሃ ያዙ፤ ማብሰያውና መታጠቢያው ሳይጨመር።

አካባቢው ቆላ ነው፤ ወባ አለ። እኛ የአዲስ አበባ ሰዎች ደግሞ ሰውነታችን አልለመደውም። አጎበር፣ እጅጌ ሙሉ ልብስና የትንኝ መከላከያ ቅባት ያዙ። ከመሄዳችሁ በፊት ስለ መከላከያ መድኃኒት ሐኪም ጠይቁ፤ እርጉዝና ሕፃን ካለ በተለይ። ከተመለሳችሁ ከሳምንት በኋላ፣ ወይም በወሩም ቢሆን፣ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ካላችሁ ጉንፋን ነው ብላችሁ አትተኙ። ሐኪሙን «አዋሽ አድሬ ነበር» በሉት። ወባ መሆኑ ከታወቀ በዚያው ሰዓት ግሩፑ ላይ ጻፉ፤ አጠገባችሁ ያደሩት ሰዎችም ቶሎ ይመርመሩ።