«ልጅ በወሰዱ ቁጥር ብር ይቆጠርላቸዋል»፦ ስለ ሲፒኤስ ገንዘብ የምንሳሳታቸው ነገሮች

አሜሪካ ውስጥ የሐበሻ ወላጆች በተሰበሰቡበት ሁሉ፣ ከቅዳሴ በኋላ ቡና ላይም ይሁን የኤርፖርት ታክሲ ወረፋ ላይ፣ የሲፒኤስ (ልጆችን ከበደል የሚጠብቀው መሥሪያ ቤት) ነገር ከተነሣ አንድ አባባል አይቀርም፦ «ልጅ በወሰዱ ቁጥር ከፌዴራል ብር ይቆጠርላቸዋል።» በአስተርጓሚነት በሠራሁባቸው ዓመታት ይህን ያልሰማሁበት ወር የለም። ወሬው ጭራሽ መሠረት የለውም ማለት አልችልም። ነገር ግን ገንዘቡ በሙሉ ልጅ ለመውሰጃ የተመደበ የሚመስለው ሰው፣ ለራሱ ቤት የተመደበውንም ሳይጠይቅ ይቀራል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ሲፒኤስን የፌዴራል መሥሪያ ቤት ማድረግ

ከገንዘቡ ከፊሉ ከዋሽንግተን ይመጣል፤ በራችሁን የምታንኳኳው ሶሻል ወርከር ግን የስቴት ወይም የካውንቲ ሠራተኛ ናት። ቨርጂኒያ ውስጥ ሥራው የከተማው ወይም የካውንቲው ነው፣ ስቴቱ ይቆጣጠራል። ካሊፎርኒያ፣ ኮሎራዶና ሚኒሶታም እንዲሁ። ቴክሳስ ላይ ግን ሥራው የስቴቱ ነው። የፌዴራሉ መንግሥት በ1912 በተቋቋመው የሕፃናት ቢሮ በኩል ገንዘብ ይልካል፣ ቅድመ ሁኔታ ያስቀምጣል፣ አሠራሩን ይገመግማል። የአንድን ቤተሰብ ፋይል ከፍቶ ውሳኔ አይሽርም።

ካፕታን ዋናው ቋት ማድረግ

ብዙ ሰው ስሙን የሚያውቀው ሕግ የ1974ቱ ካፕታ ነው፤ ስለ ልጆች በደል መከላከል የወጣው። ገንዘቡ ግን ትንሽ ነው። እያንዳንዱ ስቴት በመነሻ 50,000 ዶላር ያገኛል፣ የቀረው ዕድሜያቸው ከ18 በታች በሆኑ ልጆች ብዛት ይከፋፈላል። በቅርብ ዓመታት ለሁሉም ስቴቶች የተመደበው ድምር በዓመት ወደ 100 ሚሊዮን ዶላር ነው፤ ከሥራው ስፋት አንፃር ከወጥ ውስጥ የጨው ያህል። ጉልበቱ ያለው ከገንዘቡ ጋር በሚመጣው ግዴታ ላይ ነው። አስተማሪና ሐኪም ጥርጣሬያቸውን እንዲያመለክቱ የሚያስገድድ ሕግ መኖር አለበት፤ በቅን ልቦና ያመለከተ ሰው አይከሰስም፤ ጉዳዩ ፍርድ ቤት የደረሰ ልጅ ለእርሱ ብቻ የሚቆም ተወካይ ያገኛል።

ታዲያ የመርማሪዋን ደመወዝ ማን ይከፍላል? ባብዛኛው የስቴትና የካውንቲ በጀት ነው። በዚያ ላይ ስቴቶች ታንፍ ከሚባለው የድሃ ቤተሰቦች እርዳታና በዓመት 1.7 ቢሊዮን ዶላር ከሚመደብለት የማኅበራዊ አገልግሎት ድጎማ ቆንጥረው ይጨምሩበታል። ከፌዴራሉ ትልቁ የሆነው የፎስተር ኬር (ከቤታቸው የተወሰዱ ልጆች በሌላ ቤት የሚያድጉበት) ቋት ለምርመራ ሥራ አይከፍልም።

«በነፍስ ወከፍ ይከፈላቸዋል»

እዚህ ላይ ረጋ እንበል። ትልቁ ቋት በ1980 የተፈጠረው፣ ታይትል ፎር-ኢ የሚባለው ነው። አሠራሩ ስቴቱ ካወጣው ላይ ከፊሉን መመለስ ነው። ለልጁ ቀለብ፣ ልብስና መኖሪያ ከወጣው እንደ ስቴቱ የገቢ ደረጃ ከ50 እስከ 83 ከመቶ፣ ለአስተዳደር 50 ከመቶ፣ ለሥልጠና 75 ከመቶ ይመለሳል። ቀሪው ከስቴቱ ኪስ ነው። ልጅ መውሰድ ለስቴቱ ትርፍ ሳይሆን ወጪ ነው።

ይህም የሚመለሰው ለሁሉም ልጅ አይደለም። ልጁ የተወሰደበት ቤት ድሃ መሆን አለበት፤ የድህነቱ መለኪያ ደግሞ ሐምሌ 16 ቀን 1996 ላይ የነበረው የድሮው የቤተሰብ እርዳታ ፕሮግራም መስፈርት ነው። ፕሮግራሙ ያኔውኑ ቀርቷል፤ መስፈርቱ ግን ለኑሮ ውድነት ሳይስተካከል እስከ ዛሬ ይሠራል። የሞተ ሰው ከመቃብሩ ሆኖ ቤት የሚያስተዳድር ይመስላል። እናትም አባትም ሁለት ሁለት ሥራ የሚሠሩበት የእኛ ሰው ቤት በዚያ መስፈርት አያልፍም ማለት ይቻላል። እንዲህ ካለ ቤት ልጅ ቢወሰድ ስቴቱ ለልጁ ቀለብ ከዚህ ቋት አንድ ሳንቲም አይመለስለትም።

ወሬው እውነት የሚነካበት ቦታም አለ። ፎር-ኢ ጣሪያ የለውም፤ ብቁ ልጅ በበዛ ቁጥር ተመላሹም ይበዛል። ልጅ ከቤቱ ሳይወጣ ቤተሰብን ለመደገፍ የሚውለው ታይትል ፎር-ቢ ግን ሁልጊዜም ጣሪያ ነበረው። ከ1997 ጀምሮ ደግሞ ከፎስተር ኬር ወደ ጉዲፈቻ የሚያልፉ ልጆችን ቁጥር ላሳደገ ስቴት ጉርሻ ይከፈላል፤ ዛሬ እንደ ልጁ ዕድሜ ከ5,000 እስከ 10,000 ዶላር ነው፣ ያውም ከመነሻው መጠን በላይ ለሆኑት ብቻ። ሚዛኑ ያጋደለ ነው ብሎ መተቸት ያስኬዳል፤ እኔም እተቻለሁ። የእናንተን በር ያንኳኳችው ሠራተኛ በኮሚሽን ትሠራለች ማለት ግን ሌላ ነገር ነው።

የመከላከያውን አገልግሎት በፍርሃት መመለስ

ያጋደለውን ሚዛን ለማቃናት በየካቲት 2018 ፋሚሊ ፈርስት የሚባለው ሕግ ወጣ። ከዚያ ወዲህ የፎር-ኢ ገንዘብ ልጁ ገና ቤቱ ሳለ ለአእምሮ ጤና ሕክምና፣ ለሱስ ሕክምናና ቤት ድረስ ለሚመጣ የወላጅነት ድጋፍ መዋል ይችላል፤ እስከ 12 ወር፣ የቤተሰቡ ገቢ ሳይጠየቅ። ስቴቱ ዕቅዱን ማስጸደቅ አለበት፣ አገልግሎቱም ውጤታማነቱ ተመዝኖ በፌዴራሉ ዝርዝር ውስጥ የገባ መሆን አለበት።

እንቅፋቱ አንዲት ቃል ናት። ይህ ገንዘብ እንዲወጣ ልጁ ለእርሱ በሚዘጋጀው የድጋፍ ዕቅድ ላይ «የፎስተር ኬር ዕጩ» ተብሎ መጻፍ አለበት። አንድ ቀን ይህን ለአንዲት እናት ስተረጉም ብዕሩን አስቀምጣ ተነሣች። «ዕጩማ አድርገውታል፣ ምርጫው ብቻ ነው የቀረው» አለችኝ። አልፈረድኩባትም። በእኛ ቋንቋ ዕጩ የሚባለው ለሹመት ወይም ለሙሽርነት የታጨ ነው። የወረቀቱ ትርጉም ግን «ድጋፍ ካላገኘ ከቤቱ ሊወጣ የሚችል» ነው፤ የሚጻፈውም እንዳይወጣ ገንዘብ ለማስለቀቅ ነው። ከመፈረማችሁ በፊት አገልግሎቱ ምን እንደሆነ፣ ስንት ወር እንደሚቆይና እምቢ ብትሉ ምን እንደሚከተል ጠይቁ፤ ጠበቃ ካላችሁም አሳዩት።

«የእህቴን ልጅ አሳድጌ ብር ልቀበል? ነውር ነው»

ይህንን ስንት አክስትና አያት ብለውኛል! ልጅ ሲወሰድ መሥሪያ ቤቱ ዘመዶችን በ30 ቀን ውስጥ ፈልጎ ማሳወቅ አለበት፤ የ2008ቱ ሕግ ግዴታ ነው። አክስት በደግነት «አምጡልኝ» ትላለች፣ ልጁ በቃል ስምምነት ይመጣል፣ ፋይሉ ይዘጋል። ከስድስት ወር በኋላ የቤት ኪራዩ፣ የጥርስ ሐኪሙ፣ የትምህርት ቤቱ ወጪ ይከማቻል፤ ያኔ ብትጠይቅ ልጁ በስቴቱ እጅ ስላልነበረ የፎስተር ኬር ክፍያ የለም።

ስለዚህ «እሺ» ከማለታችሁ በፊት አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ ልጁ በሕግ በስቴቱ እጅ ነው ወይስ ይህ የግል ስምምነት ነው? በስቴቱ እጅ ከሆነ በዘመድነት ፈቃድ አውጥታችሁ ወርኃዊ ክፍያውን ማግኘት ትችላላችሁ። ከ2023 ጀምሮ ስቴቶች ለዘመድ ቀለል ያለ የፈቃድ መስፈርት እንዲያወጡ ተፈቅዷል። ብቁ የሆነ ልጅ ፈቃድ ባለው የዘመድ ቤት ስድስት ወር ከኖረ፣ ፕሮግራሙን በተቀበሉ ስቴቶች ዘመዱ ሕጋዊ ሞግዚት ሆኖ ድጎማው ሊቀጥልለት ይችላል። የግል ስምምነት ከሆነም ለልጁ ብቻ የሚሰጥ የታንፍ እርዳታ አለ፤ መጠኑ አነስተኛ ነው። ብሩ ለልጁ ጫማና ምሳ ነው። ነውሩ የት ላይ እንደሆነ እስካሁን አልገባኝም።

ልጅን ማስተርጎም

የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል መሥሪያ ቤት በ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ መሠረት ሰውን በትውልድ አገሩ ምክንያት ማግለል አይችልም፤ ቋንቋም በዚህ ይካተታል። ዋሽንግተን ዲሲ ደግሞ የ2004 የራሷ የቋንቋ ሕግ አላት፣ አማርኛም ከዋናዎቹ ቋንቋዎች አንዱ ነው። የ11 ዓመት ልጅ የራሱን ጉዳይ እንዲያስተረጉም አትፍቀዱ። አስተርጓሚ ጠይቁ፣ የጠየቃችሁበትንም ቀን ጻፉ።

ማኅበሩ በተሳሳተ በር ሲያንኳኳ

የእኛ ማኅበራት ቤተሰብ ለማገዝ ገንዘብ ሲፈልጉ ማመልከቻውን በቀጥታ ወደ ፌዴራል ይልካሉ። በካፕታ ሥር ለአካባቢ የመከላከል ሥራ የተለየው ገንዘብ የሚሄደው በየስቴቱ አገረ ገዥ ለሰየመው አንድ መሪ ድርጅት ነው፤ ለትንንሾቹ የሚያከፋፍለው እሱ ነው። ብዙውን ጊዜ ክፍያው አስቀድማችሁ ያወጣችሁትን በደረሰኝ መመለስ ነውና፣ ለሁለት ለሦስት ወር የሚያቆይ ጥሪት የሌለው ማኅበር ውሉን ከመፈረሙ በፊት ቢያስብበት ይሻላል።

ገንዘብ የማይጠይቅ በርም አለ። ካፕታ እያንዳንዱ ስቴት ቢያንስ ሦስት የዜጎች ተቆጣጣሪ ቡድን እንዲኖረው ያዛል፤ አነስተኛውን ድርሻ የሚያገኙት ስቴቶች አንድ ይበቃቸዋል። አባላቱ በጎ ፈቃደኞች ናቸው፣ ቢያንስ በየሦስት ወሩ ይሰበሰባሉ፣ በዓመት አንዴ ለሕዝብ ሪፖርት ያወጣሉ፣ መሥሪያ ቤቱም በስድስት ወር ውስጥ በጽሑፍ መልስ ይሰጣቸዋል። እስካሁን በተቀመጥኩባቸው ስብሰባዎች አማርኛ ተናጋሪ አባል አላየሁም።