ከመሳላችሁ በፊት ተርቱት

ያደግኩት መንዝ ነው። አያቴ የምትተርትልን ሱፍ እየፈተለች ነበር። "ተረት ተረት" ስትል "የላም በረት" እንላለን፤ እንዝርቷ መሽከርከሩን አያቆምም። ጅቡ ሊናገር ሲል ብቻ ቀጥ ይላል። ተረት ስስል የምጀምረው እዚያች ቅጽበት ላይ ነው።

እናንተም ሞክሩት። እርሳስ ከማንሳታችሁ በፊት ተረቱን ጮክ ብላችሁ ተርቱትና ስልካችሁ ላይ ቅዱት። ስትሰሙት ድምፃችሁ የተቀየረበትን ቦታ ያዙ፤ የሚሳለው እሱ ነው። ብዙ ሰው መጨረሻውን፣ ደሙንና ጥርሱን ይስላል። እሱንማ ማንም ይስለዋል!

ጅብ የማያውቁት አገር ሄዶ "ቁርበት አንጥፉልኝ" ያለውን እንውሰድ። አያቴ እዚህ ጋ ድምጿን አወፍራ ባላባት ታስመስለው ነበር። ስለዚህ የምስለው የተከበረ እንግዳ ነው። እግሩን ሰብስቦ ተቀምጧል፣ ልቡ ግን ቁርበቱ ላይ ነው።

ለዓይኑ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ይረዳችኋል። በጥንቱ ወግ ጻድቅ ፊቱ ሙሉ ሆኖ በሁለት ዓይን ይሳላል፤ ክፉ ግን በጎን፣ በአንድ ዓይን። እኔ ጅቡ ከቤቱ ባለቤቶች ጋር ሲጨዋወት ሁለት ዓይን እሰጠዋለሁ። ቁርበቱ ሲነጠፍለት ፊቱን ወደ ጎን አዞረዋለሁ።

ተረቱ ከረዘመ ታሪኩን በተከታታይ ክፍሎች እንደሚተርኩት የንግሥተ ሳባ ሥዕሎች ሸራውን ከፋፍሉት። ግን አታብዙት። የአንኮበሩ ልጅ አፈወርቅ ተክሌ በአዲስ አበባው አፍሪካ አዳራሽ፣ 150 ካሬ ሜትር መስታወት ላይ፣ የአህጉሩን ትናንት፣ ዛሬና ነገ በ3 ክፍል ጨርሶታል። ለአንድ ጅብ 3 ክፍል መች አነሰው?

ብርሃኑን ከምድጃው አምጡት፤ ማለትም ከታች። አገጭ ይደምቃል፣ ግንባር ይጨልማል።

እንስሳ ከኢንተርኔት አትገልብጡ። የተረታችን ዝንጀሮ ቺምፓንዚ ሆኖ ሲሳል ሳይ ይደብረኛል። መንዝ ውስጥ ወዳለው ጓሳ ሂዱና ጭላዳ ዝንጀሮን እዩት። ደረቱ ላይ ፀጉር የሌለው ቀይ ቆዳ አለው፤ ቁጭ ብሎ ሣሩን በእጁ እየነጨ ይበላል። አንድ ረፋድ ብትውሉ ንድፍ ደብተራችሁ ይሞላል።

ሥዕሉ ሲያልቅ ለሰፈር ልጆች አሳዩት። ተረቱን አትንገሯቸው፤ እነሱ ይተርቱላችሁ። "ቁርበቱን ሊበላው ነው!" ካሉ ተሳክቶላችኋል። "ይሄ ውሻ ምንድን ነው?" ካሉ ግን ወደ እርሳሱ ተመለሱ። የጅብ የፊት እግር ከኋላው ይረዝማል፤ ጀርባውም ወደ ጭራው ቁልቁል ይወርዳል።