በኤችዲ የተቀረጸ ሠርግ ዲቪዲ ላይ ሲገባ እንዳይደበዝዝ

በኤችዲ የተቀረጸ ሠርግ ኮምፒውተር ላይ ጥርት ብሎ ይታይና ዲቪዲ ላይ ሲገባ ይደበዝዛል። ከጉዳቱ ከፊሉ የማይቀር ነው፤ የኤችዲው ምስል 1920 በ1080 ነጥቦች ሲኖሩት፣ በአገራችን የለመድነው ፓል በሚባለው የቴሌቪዥን ሥርዓት የሚሠራ ዲቪዲ 720 በ576 ብቻ ስለሚይዝ ከአምስት ነጥቦች አራቱ ይቀነሳሉ። የቀረው ግን የአሠራር ጉድለት ነው።

ኤዲቲንጉ በሙሉ በኤችዲ ይጠናቀቅና ጥራቱ ያልተነካ አንድ ማስተር ፋይል ይውጣ። ምስሉን ማሳነስና ዲቪዲ ወደሚጠቀምበት የምስል አጨማመቅ፣ ወደ ኤምፔግ 2፣ መቀየር ከዚህ ፋይል አንድ ጊዜ ብቻ የሚደረግ ሥራ ነው፤ መጀመሪያ በተጨመቀ ኤምፒፎር አውጥቶ እሱን መልሶ ወደ ዲቪዲ መለወጥ፣ ጊዜ የሚቆጥብ ቢመስልም፣ ምስሉን ሁለት ጊዜ ይጎዳዋል። ቀረጻው ኢንተርሌስድ ከሆነ፣ ማለትም የምስሉ መስመሮች አንድ እየዘለሉ በሁለት ተራ የተቀረጹ ከሆነ፣ ከማሳነሱ በፊት ዲኢንተርሌስ መደረግ፣ ማለትም ወደ ሙሉ ምስል መመለስ አለበት፤ አለዚያ እስክስታ የሚወርዱ ሰዎች ትከሻ ዳር ዳሩ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ይሰነጣጠቃል።

ትልቁ ጉዳይ ቢትሬት ነው፤ ይህም ለእያንዳንዱ ሰከንድ የሚመደበው የመረጃ መጠን ነው። ባለ 4.7 ጊጋባይት ዲስክ የሚይዘው 37.6 ቢሊዮን ቢት ገደማ ስለሆነ፣ ይህን ለፊልሙ ርዝመት በሰከንድ ማካፈል ነው። ለ90 ደቂቃ ወደ 7 ሜጋቢት በሰከንድ ይደርሳል፤ ድምፁንና መጠባበቂያውን ቀንሶ ለምስሉ 6.5 መመደብ ይበቃል። ለአንድ ሰዓት 8 ይመደብ፤ የዲቪዲ ደረጃው ለምስል እስከ 9.8 ቢፈቅድም አንዳንድ ማጫወቻዎች እዚያ አካባቢ ይንተባተባሉ። ድምፁን ኤሲ3 በሚባለው የድምፅ አጨማመቅ በ224 ኪሎቢት ማድረግ፣ 1,536 ኪሎቢት ከሚወስደው ያልተጨመቀ ድምፅ የተረፈውን ቦታ ለምስሉ ይሰጠዋል። ምስሉን የሚጨምቀው ፕሮግራም፣ ኢንኮደሩም፣ በተለዋዋጭ ቢትሬት ሁለት ዙር እንዲሠራ ይታዘዝ፤ በመጀመሪያው ዙር አጥንቶ፣ በሁለተኛው ለጭፈራው ብዙ፣ ለምርቃቱ ጥቂት ያከፋፍላል። ሦስት ሰዓት የሚፈጅ ሠርግ ግን በአንድ ዲስክ ይግባ ማለት ለማንም አይጠቅምም፤ ለሁለት ይከፈል።

የሐበሻ ቀሚስ ጥልፍና የነጠላ ጥለት ቀጫጭን መስመሮች ስላሏቸው በቴሌቪዥን ይርገበገባሉ። በማሳነሱ ጊዜ ላንጾስ ወይም ባይኪዩቢክ የተባለው የማሳነሻ ስልት ይመረጥ፤ መርገብገቡ ካልቆመ ምስሉን ከላይ ወደ ታች በጥቂቱ ማለስለስ ይረዳል። የምስሉ የስፋትና የቁመት ምጣኔ 16 ለ9 ተብሎ ካልተመዘገበ ደግሞ ሙሽራዋ ያለ ልኳ ቀጥናና ረዝማ ትወጣለች።

አሜሪካ ላሉ ዘመዶች የሚላከው እዚያ በሚሠራበት የዲቪዲ ሥርዓት በኤንቲኤስሲ፣ 720 በ480 ሆኖ ከዚያው ከኤችዲ ማስተር ይዘጋጅ እንጂ ከፓል ዲስኩ አይገልበጥ።

ሁሉም ከመባዛቱ በፊት አንድ ዲስክ በተራ ማጫወቻና በቴሌቪዥን ይታይ፤ ከሁሉ በፊት የጭፈራው ክፍል።