የዘነፈ ቴምብር እጃችሁ ሲገባ

ቀለሙ ከመስመሩ የወጣ፣ ጥርሱ (በጠርዙ ዙሪያ የሚበሳው ቀዳዳ) ምስሉ ውስጥ የገባ ወይም ጽሑፉ የተገለበጠ ቴምብር ያገኘ ሰው ቶሎ የሚጠይቀው «ስንት ያወጣል?» ብሎ ነው። እኔ ኦፍሴት ማተሚያ ማሽን ላይ የኖርኩ ሰው ነኝና ሌላ ጥያቄ አስቀድማለሁ። ይህ ነገር የተፈጠረው መቼ ነው? ሲታተም? ጥርስ ሲበሳለት? በኋላ ጽሑፍ ሲደረብበት? ወይስ ከማተሚያ ቤት ከወጣ በኋላ? ይህን ሳትመልሱ ዋጋ ብትጠይቁ ሻጩ የፈለገውን ይነግራችኋል።

ብዙ ዕቃ አያስፈልግም። አሥር እጥፍ የሚያጎላ ሌንስ፣ ጫፉ ያልሾለ ወረንጦ፣ ሚሊሜትር ያለው ብርሃን የሚያሳልፍ ማስመሪያ ይበቃል። የግድ የሚያስፈልገው ግን የዚያው ቴምብር ደህና ቅጂ ነው። እሱ አጠገባችሁ ከሌለ ምኑ እንደዘነፈ ማወቅ አትችሉም። ሥራውን በቀን ብርሃን ሥሩት። ቢጫ አምፖል ሥር ቢጫ ቀለም አይታይም።

ከቀለም እንጀምር። ብዙዎቹ የዘመኑ ቴምብሮች በኦፍሴት፣ በሲያን (ሰማያዊ)፣ በማጀንታ (ሐምራዊ ቀይ)፣ በቢጫና በጥቁር ይታተማሉ። እያንዳንዱ ቀለም የራሱ ፕሌት (የማተሚያ ሰሌዳ) አለው። ወረቀቱ በማሽኑ ሲያልፍ እርጥበት ይጠጣና ይለጠጣል። አንዳንዴም አገባቡ ላይ ትንሽ ይንሸራተታል። ያኔ አንዱ ቀለም ከሌሎቹ ጋር አይገጥምም። ምልክቱ ሁልጊዜ ጥንድ ነው፤ በአንድ በኩል ባዶ ነጭ ክፍተት፣ በተቃራኒው በኩል የተረፈ ቀለም። ቀለሙ በሁሉም ጎን እኩል ከተረፈ ዝንፈት አይደለም። ቀለም በዝቶ ተጨፍልቆ ነው።

አሁን ጠረጴዛዬ ላይ አራት የተያያዙ የአበባ ቴምብሮች አሉ። የአበባው ቅጠል አረንጓዴ መሆን ሲገባው፣ በላይኛው ጠርዙ ቀጭን ሰማያዊ ክር፣ በታችኛው ደግሞ ቢጫ ክር ይታያል። አረንጓዴው ሲያንና ቢጫ ተደራርበው የሚሰጡት ስለሆነ ከሁለቱ አንዱ ሸሽቷል ማለት ነው። የቱ? ጥቁሩን ጽሑፍና የአበባውን ቀይ አየሁ። ቢጫው ከቀዩ ጋር በትክክል ገጥሟል። እንግዲያው የሸሸው ሲያኑ ነው፣ ወደ ላይ። በማስመሪያ ግማሽ ሚሊሜትር ይሆናል። አራቱም ላይ ልኩና አቅጣጫው አንድ ነው። ስለዚህ ያ ቀለም በሉሁ ላይ ሙሉ በሙሉ ተንሸራትቷል። ከግራ ወደ ቀኝ እየሰፋ ቢሄድ ኖሮ ወረቀቱ ተለጥጧል ወይም ጠሞ ገብቷል እል ነበር። ይህን ሁሉ ያወቅሁት አራቱ ስላልተነጣጠሉ ነው። እባካችሁ የተያያዘ ቴምብር አትቅደዱ። የሉሁ ጠርዝ አብሮ ካለ ደግሞ የቀለም ማስተካከያ ምልክቶቹ እዚያ ሊኖሩ ስለሚችሉ እንደ ቴምብሩ ጠብቁት።

አሁን ወደ ነጠብጣብና ጭረት። በማሽኑ ላይ ብናኝ ወይም የወረቀት ቃጫ ሲያርፍ፣ መሐሉ ላይ ነጥብ ያለው ነጭ ቀለበት ያትማል። ለጥቂት ሉሆች ይታይና ይጠፋል። ያምራል፣ ግን አላፊ ነው። ፕሌቱ ራሱ ከተጫረ ወይም ፊደል ከተሸረፈበት ግን ያው ጉድለት በያንዳንዱ ሉህ፣ በዚያው ቦታ ይደገማል። ሰብሳቢዎች እንደ እውነተኛ ልዩነት መዝግበው ካታሎግ ላይ የሚያሰፍሩት ይህንን ነው። ለይቶ ማወቂያው አንድ ነው፦ ሁለተኛ ቅጂ ማግኘት። ያውም ከሌላ ሉህ። እስክታገኙ ድረስ «ልዩነት» ብላችሁ አትጻፉ።

ጥርሱ ከቀለሙ ጋር አይገናኝም፣ ሌላ ሥራ ነው። ምስሉ በትንሹ ወደ አንድ ጎን ማጋደሉ በድሮ ቴምብር ዘንድ የተለመደ ነው። ዋጋ ይቀንሳል እንጂ አይጨምርም። የጎረቤቱ ቴምብር ቁራጭ ገብቶ ሲታይ ወይም ቴምብሩ ላይ የታተመው ዋጋ ከላይ ወደ ታች ሲዞር ግን ያዙት። «ጥርስ የለሽ» የሚባለውን ነጠላውን አትግዙ፣ በመቀስ ተከርክሞ ሊሆን ይችላል። ያልተነጣጠለ ጥንድ ጠይቁ። የጥርስ ልክ የሚነገረው በሁለት ሴንቲሜትር ውስጥ ባለው የቀዳዳ ብዛት ነው። ያንንም ከደህናው ጋር አስተያዩት።

የእኛን አገር የመጀመሪያ ቴምብሮች ለምትሰበስቡ አንድ ነገር ላስረዳ። እ.ኤ.አ. በ1894 የወጡት ሰባቱ ቴምብሮች ፓሪስ የታተሙ ናቸው። ከሩብ እስከ ሁለት ግርሽ ያሉት የዳግማዊ ምኒልክን ምስል፣ ከአራት እስከ አሥራ ስድስት ያሉት አንበሳውን ይዘዋል። እያንዳንዳቸው በአንድ ቀለም ብቻ ስለሆኑ «ቀለሙ ዘንፏል» ብሎ የሚሸጥላችሁ ሰው ካለ አትስሙት። አንድ ቀለም ከማን ጋር ይዘንፋል? በኋላ ግን በ1901 «ኢትዮጵያ» የሚል የፈረንሳይኛ ጽሑፍ፣ በ1902 «ቦስታ»፣ በ1903 «መልክት» ተደርቦባቸዋል። ያን የደረበው ማሽን አይደለም፣ በእጅ የሚመታ ማህተም ነው። ስለዚህ ማጋደሉ፣ ከፍ ዝቅ ማለቱ የሥራው ጠባይ ነው እንጂ ስህተት አይደለም። ተገልብጦ የተመታና ሁለቴ የተመታ እውነት ያጋጥማል። ችግሩ በእጅ የሚመታ ነገር ለማስመሰል ቀላል መሆኑ ነው፣ ሐሰተኛውም ብዙ ነው። ያለ ባለሙያ ምስክር ወረቀት ብዙ ገንዘብ አታውጡ።

በዓለም ስሙ የገነነው የአሜሪካው ባለ 24 ሳንቲም የአየር ቴምብር፣ እ.ኤ.አ. የ1918ቱ፣ ለዚህ ሁሉ ጥሩ ማስተማሪያ ነው። ክፈፉ ቀይ፣ አውሮፕላኑ ሰማያዊ ነው፤ ሁለት ጊዜ በማሽን ማለፍ ነበረበት። አንድ መቶ የያዘ ሉህ ላይ አውሮፕላኑ ተገልብጦ ወጣ። ዊልያም ሮቢ ዋሽንግተን ውስጥ ፖስታ ቤት ሄዶ በ24 ዶላር ገዛው። በዚያው ቴምብር ላይ ደግሞ አውሮፕላኑ ሳይገለበጥ ወደ ላይ፣ ወደ ታች ወይም ወደ ጎን የሸሸባቸው ብዙ አሉ። የሁለቱም ምንጭ አንድ ነው፣ ቴምብሩ ሁለት ጊዜ በማሽን ማለፉ። የዋጋቸው ልዩነት ግን ሰማይና ምድር ነው። ገበያው ሙሉ በሙሉ የተሳሳተውንና በመጠኑ የሸሸውን በአንድ ዓይን አያይም።

አንድ ቀለም የጠፋበት የሚመስል ቴምብር ሲያጋጥማችሁ በተለይ ጠንቀቅ በሉ። ፀሐይና ኬሚካል ቀለም ያጠፋሉ፣ ሆን ብሎ የሚያጠፋም አለ። በሌንስ ቀስ ብላችሁ ፈልጉ። የጠፋ የተባለው ቀለም አንድ ነጥብ እንኳ ከተገኘ ቀለሙ ጠፍቷል አይባልም። ወረቀቱ ነጣ ካለ ወይም ሌሎቹም ቀለሞች ደብዘዝ ካሉ ጥርጣሬው ይጨምራል።

አልበም ላይ ስታስቀምጡ ደህናውን በግራ፣ የዘነፈውን በቀኝ አድርጉ። ከሥሩ የቱ ቀለም፣ ወደ የት አቅጣጫ፣ ስንት ሚሊሜትር እንደሸሸ በእርሳስ ጻፉ። ሙጫ ያለውን ውሃ አታስነኩት። በኢንተርኔት ስትገዙ ደግሞ የጀርባውን ፎቶ ጠይቁ፤ የፊቱን ብቻ ከሚልክ ሻጭ ጋር አትጨናነቁ፣ ሌላ ፈልጉ።