ስለ ጎንደሩ እግር ኳስ ክለብ ስለ ፋሲል ከነማ አሰላለፍና ዝውውር እንዴት እንከራከር? መጀመሪያ ማን እንደሚወጣ ተናገር

ፒያሳ ላይ ማኪያቶ ይዘህ «እገሌ ለምን አይሰለፍም?» ብለህ ጀምረህ ታውቅ ይሆናል። ከዚያ የሚከተለውን አውቀዋለሁ። አንዱ ይጮኻል፣ አንዱ የድሮውን ቡድን ያነሳል፣ አንዱ አሰልጣኙ ይባረር ይላል፣ አስተናጋጇ ሒሳብ ትሰበስባለች፣ ማንም ሐሳቡን ሳይቀይር ሁሉም ወደ ቤቱ ይበተናል። እኔም ዓመታት እንዲህ ነው የተከራከርኩት። ድምፄ ትልቅ ስለሆነ ያሸነፍኩ ይመስለኝ ነበር።

ያስተዉኝ ሰፈራችን ያሉ ጡረተኛ መምህር ናቸው። ጋሼ ነው የምንላቸው። አንድ ቀን ስለ አንድ የክንፍ ተጫዋች ግማሽ ሰዓት ስለፈልፍ ዝም ብለው ሰሙኝና «እሺ ልጄ፣ እሱ ይግባ። ማን ይውጣ?» አሉኝ። አፌ ተሳሰረ። ለካ እኔ የምፈልገው ልጁ አስራ ሁለተኛ ሰው ሆኖ እንዲገባ ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ነገር ይኼ ነው። ማን ይግባ ከማለትህ በፊት ማን እንደሚወጣ ተናገር። በስም። «አንዱን አውጥቶ» የሚባል ነገር አይሠራም። የሚወጣው ሰው የሚሠራውን ሥራም ቁጠር። የማዕዘን ምት የሚያሻማው እሱ ነው ወይ? የግራ መስመር ተከላካዩ ወደፊት ሲሄድ ጀርባውን የሚሸፍነው ማነው? በቆመ ኳስ የተጋጣሚን ረጅም ሰው የሚይዘውስ? አብዶ፣ ማለትም ሰው አታሎ ማለፍ የሚችለው ልጅ ገብቶ እነዚህን ሦስቱን የሚያደርግ ሰው ካጣህ፣ አሰልጣኙ ለምን እንዳላስገባው ራስህ መለስከው ማለት ነው። ካላጣህ ደግሞ ክርክርህ ውኃ ያነሳል፣ ግፋበት።

ቀጥሎ አተያያችን ነው፤ ይኼ እንኳ እኛ ጎንደሬዎች ላይ ይብሳል። ከ2013 ጀምሮ ሊጉ ክለቦቹን በተመረጡ ከተሞች እየሰበሰበ ሲያጫውት ስለቆየ፣ ቡድናችንን ፋሲለደስ ስታዲየም ቁጭ ብለን ከማየት ይልቅ ዲኤስቲቪ ቤት ወንበር ስንሻማ ነው የከረምነው። ስታዲየም የገባ ሰው ሜዳውን በሙሉ ያያል። ካሜራ ግን ኳስ ይከተላል። ኳስ የሌለው ተከላካይ አማካይ ሁለት ሜትር ወደ ግራ በመጠጋቱ ብቻ አንድ ሙሉ ጥቃት ሲያከሽፍ አንተ የምታየው የተጋጣሚው ተጫዋች ኳሷን ወደ ኋላ ሲመልስ ነው። ከዚያ «ይኼ ልጅ ምን ይሠራል?» ትላለህ።

መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ትዕግሥት ግን ይጠይቃል። አንድ ተጫዋች ምረጥ። ከእረፍት በፊት 15 ደቂቃ፣ ከእረፍት በኋላ 15 ደቂቃ ኳሷን ረስተህ እሱን ብቻ ተከተል። ከካሜራ ሲወጣ በስንት ሰከንድ ተመልሶ እንደሚታይ እይ። ኳስ ከመቀበሉ በፊት ዞር ብሎ ጀርባውን ያያል ወይ? ኳስ ሲነጠቅ እጁን ዘርግቶ ዳኛውን ያያል ወይስ ይሮጣል? ግብ ጠባቂያችን ኳስ ሲጀምር ራሱን ነጻ አድርጎ ይጠይቃል ወይስ ከተጋጣሚ ጀርባ ይደበቃል? ታናሽ እህቴ ይህን ሁሉ ስልኳ ላይ ትጽፋለች። መጀመሪያ ስቀንባት ነበር። አሁን ቤታችን ውስጥ ስለ አሰላለፍ የመጨረሻው ቃል የእሷ ነው፣ አባቴ እንኳ ጠይቋት ነው የሚናገረው። በአጭር ቪዲዮ ተቆርጠው የሚለቀቁ ሁለት አብዶዎችን አይቶ የሚፈርድን ሰው ግን ከነጭራሹ አትከራከረው፤ ማኪያቶህ ይቀዘቅዛል።

ጉዳትና ቅጣትንም ቀድመህ አጣራ። አምስተኛ ቢጫ አይቶ የታገደን ሰው «ለምን አልተሰለፈም?» ብሎ መጮኽ ያሳፍራል። ደርሶብኛል፣ አልዘረዝረውም።

ሌላው የምንረሳው ተቀያሪ ወንበሩን ነው። ድሮ ሦስት ሰው ነበር የሚቀየረው። አሁን አምስት ነው፣ ያውም ጨዋታው ቆሞ መቀየር የሚቻለው ሦስት ጊዜ ብቻ ሲሆን የእረፍቱ ሰዓት አይቆጠርም። ስለዚህ አንድ አሰልጣኝ በእውነት የሚመርጠው 11 ሰው ሳይሆን 16 ሰው ነው። በስልሳኛው ደቂቃ የደከመ ተከላካይ ላይ የሚለቀቅ ፈጣን ልጅ «ተቀምጧል» አይባልም። ተራው አልደረሰም ማለት ነው።

ደቡብ አፍሪካ ሱቅ ያለው የአክስቴ ልጅ ይህን ነገር በራግቢ ነው ያስረዳኝ፤ እዚያ ሲኖር ራግቢ ለምዷል። ራግቢ 15 ሰው ይጀምራል፣ 8 ሰው ወንበር ላይ ይቀመጣል። ከስምንቱ አምስቱን ወይም ስድስቱን ከፊት መስመር፣ የቀሩትን ከኋላ መስመር ማድረግ የተለመደ ነው። የፊቶቹ ግፊያና ትግል ስለሚበዛባቸው ቶሎ ይደክማሉ። በፈረንጆቹ 2023 የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ ላይ ግን ደቡብ አፍሪካ ሰባት የፊት ሰውና አንድ ብቻ የኋላ ሰው ወንበር ላይ አስቀምጣ ገባች። ከኋላ ሁለት ሰው ቢጎዳስ? አብቅቶ ነበር። ኒውዚላንድን 12 ለ 11 አሸንፋ ዋንጫውን ወሰደች። የአክስቴ ልጅ እንደሚለው ያቺ አንዲት ነጥብ ወደዚያኛው ወገን ብትሆን ኖሮ ያ ወንበር እስካሁን ሲረገም ይኖር ነበር። እና አንተም ሰኞ ጠዋት ውጤቱን አይተህ ከመፍረድህ በፊት፣ ቅዳሜ ማታ ውጤቱን ሳታውቅ ምን ትል እንደነበር አስታውስ።

ወደ ዝውውር እንምጣ። ክረምት ላይ ጎንደር ዝናቡ አላስወጣ ሲል በረንዳ ለበረንዳ የሚዞረው ወሬ ይኼ ነው። «አጥቂ ይምጣ!» ሁልጊዜ አጥቂ። እስቲ ወረቀት አምጣና ሜዳ ሣል። በየቦታው ሁለት ሁለት ስም ጻፍ። ከእያንዳንዱ ስም ጎን ዕድሜውን፣ ውሉ መቼ እንደሚያልቅ፣ ባለፈው ዓመት ስንት ጨዋታ እንደጀመረ ጻፍ። ባዶ የቀረው ቦታ የት እንደሆነ ወረቀቱ ራሱ ይነግርሃል። ብዙ ጊዜ እኛ የምንጮኽለት ቦታ አይደለም።

2013ን አስታውስ። በሥዩም ከበደ አሰልጣኝነት የሊጉን ዋንጫ የወሰድንበት ዓመት ነው። የዚያ ዓመት ኮከብ ግብ አግቢ የእኛ ሰው ነበር? አልነበረም። አቡበከር ናስር ነው ለኢትዮጵያ ቡና 29 አግብቶ ሪከርድ የሰበረው። ዋንጫው ግን ጎንደር ገባ። የአጥቂያችንን የሙጂብ ቃሲምን ግቦች እያሳነስኩ አይደለም፣ እግሩ ይባረክ። ከኋላው ግን ግብ ጠባቂው ሳማኬ በሩ ላይ ነበር፣ ያሬድ ባየህ ተከላካዩን ይመራ ነበር። ሙጂብ ራሱ በተከላካይነትም የተጫወተ ሰው ነው፤ እንዲህ ሁለት ቦታ የሚሸፍን ሰው ስታገኝ በወረቀትህ ላይ ሁለት ጊዜ ጻፈው።

ከዚያ ሙጂብ ወደ አልጄሪያው ጄኤስ ካቢሊ ሄደ። እኛ ኦኪኪ አፎላቢን አመጣን። ጅማ አባ ጅፋር በ2010 ዋንጫ ሲወስድ ኮከብ ግብ አግቢ የነበረ ሰው ነው። ስሙን ስሰማ ቤቴ ቁጭ ብዬ አጨበጨብኩ። በ2014 መጀመሪያ በአፍሪካ ቻምፒየንስ ሊግ የሱዳኑን አል ሂላል ባሕር ዳር ላይ አስተናግደን 2 ለ 2 ወጣን፣ መልሱ ላይ 1 ለ 1። ድምሩ እኩል ሲሆን ከሜዳው ውጪ ብዙ ያገባው ያልፍ ስለነበር፣ ሳንሸነፍ ተሰናበትን። አስበው፣ ሦስት ግብ አግብተናል። ያስወጣን ቤታችን ላይ የገቡብን ሁለቱ ናቸው። በማግስቱ ግን ቡና ቤት ሁሉ ስለ ማጥቃት ነበር የሚወራው፤ እኔም ከአውሪዎቹ አንዱ ነበርኩ። የዚያ ዓመት ሊግም በሁለተኛነት አለቀ፣ ዋንጫው ወደ ቅዱስ ጊዮርጊስ ሄደ።

ስለዚህ የሚመጣ አጥቂ ስም ስትሰማ ስንት አገባ ብለህ ብቻ አትጠይቅ። ግቦቹ እንዴት ገቡ? ከክንፍ በሚሻማ ኳስ ከሆነ፣ እኛ ጋ የሚያሻማው ማነው? በመልሶ ማጥቃት ከሆነ፣ እኛ ላይ ተጋጣሚ ሁሉ በሩን ዘግቶ ነው የሚገባው፣ የሚሮጥበት ሜዳ ከየት ይመጣል? ፍጹም ቅጣት ምቶቹንም ቀንሰህ ቁጠር። ከአሥሩ ስድስቱ ፍጹም ቅጣት ምት ከሆነ ሌላ ወሬ ነው።

ብሩንም አስብ። በ2011 ክረምት የተጫዋች የወር ደሞዝ ጣሪያ 50 ሺህ ብር ይሁን ተብሎ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ጣሪያው በትክክል ተከበረ አልተከበረ የሚለው ወሬ አላባራም። የገንዘቡ ነገር ሁልጊዜ እንዲህ የተድበሰበሰ ስለሆነ እኛ ደጋፊዎች «አምጡት» ማለት ይቀለናል። እዚህም የጋሼ ጥያቄ ይሠራል። የእሱ ደሞዝ እንዲገባ የማን ደሞዝ ይውጣ? ሁለት ጥሩ ተቀያሪዎችን ለቀህ አንድ ስመ ጥር ሰው ታመጣለህ? አንዳንድ ጊዜ መልሱ አዎ ነው። ግን በል።

ልጆቻችን ይሰለፉ የሚለውም እንዲሁ። ከአዘዞና ከማራኪ የሚመጡ ልጆች ዕድል ያግኙ ስንል ደስ ይላል፣ እኔም እላለሁ። ዳሽን ቢራ የሚባል ቡድን እዚሁ ከተማ ነበረን፣ ሊጉ ውስጥ ነበር፣ አሁን የለም። ልጅ የሚያድግበት በር አንድ ሲቀንስ የሚቀረው ላይ መጮኽ ተገቢ ነው። ነገር ግን «ወጣት ይግባ» ብለህ፣ ልጁ በሁለተኛው ጨዋታ ሲሳሳት አንተው መጀመሪያ የምታፏጭ ከሆነ ባትጀምረው ይሻላል። አምስት ጨዋታ ስጠው። ነጥብ ብንጥልም ብለህ ተናገር።

የዝውውር ወሬን በተመለከተ ባጭሩ፦ ማሊያ ይዞ የተነሳውን ፎቶ ወይም ክለቡ የተናገረውን እስካላየህ ድረስ ወሬ ነው። ውሉ ሊያልቅ የደረሰ ተጫዋች ስም በድንገት ሦስት ክለብ ጋ ከተነሳ፣ አንድ ሰው ዋጋ እያስጨመረ መሆኑን ጠርጥር።

የሚሄደውንስ? ያሬድ ባየህ ወደ ባሕር ዳር ሲሄድ ሰፈራችን የለቅሶ ቤት ነበር የሚመስለው። ይገባኛል። አምበል ነበረ፣ የሄደውም ጎረቤት ጋ ነው። ያም ሆኖ ውሉን ጨርሶ የሄደን ሰው ከሃዲ አትበል። ቤተሰቡን ዘሩን ከጠራህ ደግሞ ክርክሩ አልቋል፣ ተነስቼ እሄዳለሁ። አንድ ጊዜ ባጃጅ ውስጥ አንዱን ተከላካይ ከፒያሳ እስከ አውቶ ፓርኮ ስሰድበው ሄጄ፣ ልወርድ ስል ሹፌሩ ዞር አለና «ወንድሜ ነው» አለኝ። ሒሳብ አልቀበልም አለ። ቢቀበለኝ ኖሮ ይሻለኝ ነበር።

በመጨረሻ እኛ የምናደርጋትን ልንገርህ። ጨዋታው ሊጀመር አንድ ሰዓት ሲቀረው እያንዳንዳችን ቁራጭ ወረቀት ላይ 11 ሰው፣ አንድ የሚወጣ፣ አንድ የሚገባ ከነምክንያቱ እንጽፋለን። ወረቀቶቹ ጋሼ ኪስ ይገባሉ። አምስት ጨዋታ ሲያልፍ ይወጣሉ፣ ጮክ ተብሎ ይነበባሉ። ብዙ የተሳሳተ የሁሉንም ሒሳብ ይከፍላል። ባለፈው እኔ ነበርኩ። እህቴ ሁለት ማኪያቶ አዘዘች፣ ሁለተኛውን አልጠጣችውም።