ከፍሳሽ ውኃ አልጌ ሰብስቦ የምድጃ ጋዝ ማግኘት፤ ለድሬዳዋ ፀሐይ የሚስማማ አሠራር

የድሬዳዋ ሰው ማንቆርቆሪያው ውስጥ የሚጋገረውን ነጭ ቅርፊት በደንብ ያውቀዋል። ዕቃችንን የሚያበላሸው ይኸው ካልሲየም የበዛበት ውኃ አልጌ (ዋቅላሚ) ለሚሰበስብ ሰው ግን ሥራ ያቀልለታል። እንዴት እንደሆነ እመለስበታለሁ።

ከአልጌ ናፍጣ ማውጣት ይቻላል፤ ሆኖም ማድረቂያ፣ ተቀጣጣይ ኬሚካልና ሜታኖል ስለሚጠይቅ የጓሮ ሥራ አይደለም። እርጥቡን አልጌ ወደ ባዮጋዝ ማብላያ (እበት ያለ አየር ተብላልቶ የምድጃ ጋዝ ወደሚሆንበት ጋን) መጨመር ይሻላል። ስለዚህ ይህ አሠራር የከብት እበት የሚበላ ማብላያ ላለው ሰው ነው።

መጀመሪያ 4 ካሬ ሜትር ስፋትና 25 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ገንዳ አዘጋጁ፤ 1,000 ሊትር ይይዛል። ጥልቀቱን አትጨምሩ፤ ውኃው አረንጓዴ ሲሆን ብርሃን ወደ ታች አይዘልቅም። ገንዳውን ከወጥ ቤትና ከገላ መታጠቢያ በሚወጣ፣ አንድ ቀን ባደረና በተጠለለ ፍሳሽ ሙሉት። በረኪና የገባበትን አትቀላቅሉ፤ አልጌውን ይገድለዋል። በ20 ባልዲ ፍሳሽ አንድ ባልዲ ከማብላያው የሚወጣ ፈሳሽ ከጨመራችሁ ማዳበሪያ ይሆነዋል። ለዘር ከአረንጓዴ ኩሬ አንድ ባልዲ ይበቃል።

በቀን አራት አምስት ጊዜ አማስሉት። በግንቦትና በሰኔ ውኃው ከ35 ዲግሪ ካለፈ እኩለ ቀን ላይ ጥላ ያስፈልገዋል። ገንዳውን በጥብቅ መረብ መሸፈን ግን ለድርድር አይቀርብም። እ.ኤ.አ. በ2022 ከተማችን ውስጥ የተነሳው ወባ በውኃ ማጠራቀሚያዎች ከምትራባው አኖፊለስ ስቴፈንሲ ከተባለች የወባ ትንኝ ጋር የተያያዘ ነበር።

ከሳምንት በኋላ ውኃው ጥቅጥቅ ያለ አረንጓዴ ይሆናል። አድካሚው ክፍል እዚህ ይጀምራል፤ ማብቀሉማ የፀሐይ ሥራ ነው። በአንድ ሊትር ውስጥ ያለው ደረቅ አልጌ ግማሽ ግራም እንኳ ላይሞላ ይችላል፤ ቅንጣቱም ከአቡጀዲ ቀዳዳ ያልፋል። ስለዚህ ከማጥለል በፊት ማርጋት ያስፈልጋል። አልጌው ቀኑን ሙሉ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲወስድ የውኃው አሲዳማነት ይቀንሳል፤ ካልሲየሙና ማግኒዥየሙ ይዘቅጣሉ፤ አልጌውንም ይዘውት ይወርዳሉ። ከቀኑ 10 ሰዓት ገደማ ማማሰል አቁማችሁ የገንዳውን አንድ አራተኛ ወደ በርሜል ቅዱና እስከ ማለዳ ተዉት።

ካልረጋ የተበጠበጠ ኖራ ይረዳል። መጠኑን በብርጭቆ ሞክሩት፤ በሊትር ከግማሽ ግራም ጀምሩ። ኖራ ዓይን ያቃጥላልና መነጽርና ጓንት አድርጉ። ጓንቱስ ያለ ኖራም ያስፈልጋል፤ የያዛችሁት ፍሳሽ ነው።

ማለዳ ላይ የላይኛውን ውኃ በጎማ ቀድታችሁ የረጋውን በድርብ አቡጀዲ አንጠልጥሉት። የሚቀረው ለስላሳ አረንጓዴ ሊጥ ነው። ቶሎ ስለሚሸት በዚያው ቀን ከእበትና ከተከተፈ የማሽላ አገዳ ጋር ለውሳችሁ ወደ ማብላያው አስገቡት። አልጌ ናይትሮጅን ስለሚበዛበት ብቻውን ከገባ አሞኒያ ያጠራቅማል፤ አገዳው ያመጣጥነዋል። ገረባም (የጫት ትራፊ) ይሆናል የምትሉ ካላችሁ፣ መጀመሪያ ፍየሎቹን አስፈቅዱ።

ከ1,000 ሊትር የሚገኘው አልጌ የሚሰጠው ነበልባል ከ20 ደቂቃ እምብዛም አያልፍም፤ አንድ ጀበና ቡና ያፈላል። ለአንድ ቤት ድጎማ ነው፤ ብዙ ፍሳሽ ላለው ሆቴል ወይም ኮንዶሚኒየም ግን ስሌቱ ይለወጣል። የተቀዳውን ውኃ ለዛፍ አጠጡት፤ ኖራ የገባበትን ጥቂት ቀን አቆዩት፤ ሰላጣና ቲማቲም ላይ ግን እንዳታፈሱት።