ዌብፒ ማድረግ ብቻውን አይበቃም፦ ፎቶ ስትቀይሩ ተጠንቀቁ

ባለፈው ሳምንት አንድ ልጅ እዚሁ ድሬ የሠራውን ዌብሳይት እንዳይለት ላከልኝ። ሐረር ጀጎል ውስጥ ላለ የእንግዳ ማረፊያ የተሠራ ነው። "ፎቶዎቹን በሙሉ ዌብፒ አድርጌያቸዋለሁ፤ ግን አሁንም ይጎተታል" አለኝ። ዌብፒ (WebP) ፎቶን ለዌብሳይት አቅልሎ የሚይዝ የፋይል ዓይነት ነው። ገጹን ከፈትኩት። የመጀመሪያው ፎቶ 4000 በ3000 ፒክስል ነው። ስልኬ ላይ የያዘው ቦታ ግን ከአውራ ጣቴ ብዙም አይበልጥም።

አቦ! ይሄን ስህተት ማየት ሰልችቶኛል። ስለዚህ ከሱ ልጀምር።

ፎርማት መቀየርና መጠን መቀነስ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። ዌብፒን በ2010 እ.ኤ.አ. ያስተዋወቀው ጉግል ራሱ የሚለው፣ ተመጣጣኝ ጥራት ካለው ጄፔግ (የተለመደው የፎቶ ፎርማት) ከ25 እስከ 34 በመቶ ያንሳል ነው። ጥሩ ነው። ግን 4000 በ3000 ማለት 12 ሚሊዮን ፒክስል ነው። ወደ 1200 በ900 ስታወርዱት 1 ሚሊዮን ገደማ ይቀራል። ትልቁ ቅናሽ ያለው እዚህ ጋ ነው።

ሌላም ነገር አለ። ፋይሉ የቱንም ያህል ቢታመቅ፣ ስልኩ ሊያሳየን ሲል መልሶ ይዘረጋዋል። አንድ ፒክስል አብዛኛውን ጊዜ 4 ባይት ይወስዳል። ዌብፒም ሆነ ጄፔግ ያ ፎቶ ሙሉውን ሲዘረጋ 48 ሜጋባይት ሜሞሪ ይፈልጋል። እንዲህ ያለ አስር ፎቶ የተደረደረበት ገጽ፣ ታይዋን ገበያ በርካሽ የተገዛ ስልክ ላይ ሲከፈት አስቡት። ገጹን የሚከፍተው ሰው ደግሞ ቢሮ ቁጭ ብሎ አይደለም። ከድሬ ወደ ሐረር እየወጣ፣ ደንገጎ ዳገት ላይ፣ ኔትዎርኩ ሄድ መጣ እያለ፣ በራሱ ፓኬጅ ነው አልጋ የሚፈልገው። የሱ ብር ነው የሚያልቀው። እኔን የሚያበሳጨኝ ይሄ ነው።

መጀመሪያ መጠኑን ቀንሱ፣ ከዚያ ፎርማቱን ቀይሩ። ከቻላችሁ ሁለት ሦስት መጠን አዘጋጁና ኤስአርሲሴት (srcset) በሚባለው የኤችቲኤምኤል መንገድ ብራውዘሩ ለራሱ የሚሆነውን ይምረጥ። እንደ ስኩሽ (Squoosh) ያለው መሣሪያ ብራውዘር ላይ ሁለቱንም በነፃ ይሠራል።

የፋይሉን ስም መጨረሻ ወደ ዌብፒ መለወጥ መቀየር አይደለም። ውስጡ ያው ጄፔግ ነው።

በቴሌግራም የመጣ ፎቶንም መነሻ አታድርጉ። ቴሌግራም ፎቶን እንደ ፎቶ ሲልክ አንዴ ጨምቆታል። እናንተ ደግሞ ትጨምቁታላችሁ። በየዙሩ የጠፋው ዝርዝር አይመለስም። ባለቤቱን "እንደ ፋይል ላክልኝ" በሉት። ኦሪጅናሉን በሌላ ፎልደር አስቀምጡት፤ በኋላ የተሻለ ፎርማት ቢመጣ የምትመለሱት ወደሱ ነው።

አሁን እኔ ራሴ ያጠፋሁትን ልንገራችሁ። ሐረር የሚኖሩ፣ ስፌት የሚሰፉ አንዲት እናት አሉ። የሥራቸውን ፎቶ በአይፎን አንስተን ዌብሳይት ሠራሁላቸው። ፋይሉ እንዲቀልልኝ ብዬ ፎቶዎቹ ውስጥ የተያያዘውን መረጃ በሙሉ በአንድ ትእዛዝ አወጣሁት። ገጹን ሳሳያቸው ዝም ብለው ቆዩ። ከዚያ፣ "ልጄ፣ ይሄ ቀይ የኔ አይደለም" አሉኝ።

ልክ ነበሩ። አይፎኑ የሚያነሳው ሰፋ ባለ የቀለም ክልል ነው፤ ያንን ለብራውዘሩ የሚነግረው ከፎቶው ጋር ያለው የቀለም ፕሮፋይል ነው። እሱን ሳወጣው ብራውዘሩ ተራ ቀለም መስሎት አደበዘዘው። ያ ቀይ ለሳቸው ክሩን ራሳቸው መርጠው ያመጡት፣ ለቀናት ጎንበስ ብለው የሰፉት ነው። በጣም አፈርኩ። ከኦሪጅናሉ ተነስቼ መጀመሪያ ቀለሙን ብራውዘር እንደ ተራ ወደሚወስደው የቀለም ክልል፣ ወደ ኤስአርጂቢ (sRGB) ቀየርኩ፣ ከዚያ ነው መረጃውን ያወጣሁት። የፎቶው አቅጣጫም የተጻፈው እዚያው መረጃ ውስጥ ነው፤ ሳታስተካክሉ ካወጣችሁት የቆመው ፎቶ ይተኛል። መረጃውን ማውጣቱ ግን አይቅር። ፎቶው ሰው ቤት የተነሳ ከሆነ የቤቱ ቦታ በጂፒኤስ ተመዝግቦበት ሊሆን ይችላል።

ለስፌትና ለጥልፍ አንድ ተጨማሪ ነገር። ተራው ዌብፒ ቀለምን የሚይዘው ለአራት ፒክስል አንድ አድርጎ ነው። ቀጭን ቀይ ክር ከአረንጓዴ ጎን ሲያልፍ ድንበሩ ይደፈርሳል። ስትቀይሩ ይህን ድንበር የሚያጠራውን ሻርፕ ዋይዩቪ (Sharp YUV) የሚለውን ምርጫ አብሩት፣ ወይም ቀለሙን ሙሉ መያዝ የሚችለውን አቪፍ (AVIF) የሚባል ሌላ ፎርማት ሞክሩ።

ስትጨምቁ የጥራቱን ቁጥር 100 ላይ አታድርጉት። 75 ላይ ጀምሩና በዓይናችሁ እዩት። የአንዱ ፎርማት 75 የሌላው 75 አይደለም፤ ለአቪፍ እንደ አዲስ ፈትሹ።

ሎጎን እንደ ፎቶ አትጨምቁት። ኤስቪጂ (SVG፣ በመስመርና በቅርጽ የተሠራ ምስል) ካላችሁ እሱን ተጠቀሙ፤ ከሌለ ከጥራቱ ምንም የማይቀንሰውን የዌብፒ ዓይነት (ሎስለስ)። የምግብ ቤት ሜኑን ደግሞ እባካችሁ ጽሑፍ አድርጉት። የኛ ፊደል በትንሽ ቅጥያ ነው የሚለያየው። ሜኑው በምስል ሆኖ ሲጨመቅ "ቡ" እና "ቢ" ይምታታሉ፣ ዋጋውም አይነበብም።

አሮጌ ስልክ ያላቸውን አትርሱ። ሳፋሪ ዌብፒን መክፈት የጀመረው በ2020 እ.ኤ.አ. ነው፣ አይፎን ላይ አቪፍ የመጣው በ2022 እ.ኤ.አ.። ከውጭ ዘመድ የላከው አሮጌ አይፎን ድሬ ውስጥ ብዙ ነው። ፒክቸር (picture) በሚለው የኤችቲኤምኤል ታግ ውስጥ አቪፍን አስቀድሙ፣ ዌብፒን አስከትሉ፣ ጄፔግን መጨረሻ አድርጉ። ብራውዘሩ ከላይ ጀምሮ መጀመሪያ የሚችለውን ስለሚወስድ፣ ጄፔግ ከፊት ከሆነ ሌሎቹ አይነኩም።

ገጹ ሲከፈት ቀድሞ በሚታየው ፎቶ ላይ ሌዚ ሎዲንግ (ሰው እስኪደርስበት ፎቶውን ማዘግየት) አታድርጉ። የፎቶዎቹን ወርድና ቁመትም ኮዱ ውስጥ ጻፉ፤ አለበለዚያ ሰው ማንበብ ሲጀምር ጽሑፉ ወደ ታች ይዘላል።

በቢሮ ዋይፋይ ብቻ አትፈትሹ። እኔ ሥራ ስጨርስ ለሐረር ሚኒባስ እሳፈራለሁ። ዳታ አብርቼ ደንገጎ ላይ ገጹን እከፍታለሁ። ሐረማያ እስክንደርስ ፎቶዎቹ ካልወጡ፣ ስመለስ እንደገና እሠራዋለሁ።